የሙሽራው ጎማና የእኔ ንጽሕና

መኪናን እንደ ንጽሕና የሚገድል ነገር የለም! አትሳቁ... ጭቃ የጠገበች መኪና ዓመት ሙሉ ትሮጣለች፤ ያጠቧት ዕለት ትታመማለች። ማስረጃ አለኝ።

ጓደኛዬ ሞላ ከደሃና ሙሽራዪቱን ሊያመጣ ነው። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ዛሬ ካልመጣች እስከ ፋሲካ መጠበቅ ነው። ሹፌሩም፣ መካኒኩም፣ ሚዜውም እኔ! ሙያውን የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው፤ ስለዚህ ከሽፋኑ በቀር ሁሉን ዐውቃለሁ። ከዘመድ የተዋስናትን መኪና ቅዳሜ በጥርስ ብሩሽ ሳይቀር አጠብኳት። በተለይ የፊቶቹን ጎማዎች... የኋላውን አማት አያይም ብዬ ተውኩት።

እሑድ ጠዋት የሞላን አጎት አያ ታረቀን ከኋላ ወንበር አስቀምጠን ከሰቆጣ ወጣን። ሜዳው ላይ ፍጥነት ስጨምር፣ ድርርርር! መሪው እጄ ላይ እስክስታ ወረደ።

"ምን ሆነች?" አለ ሞላ ከረቫቱን ጨብጦ።

"ዝም በል፤ እያዳመጥኩ ነው።"

ወደ ግራና ቀኝ አዘነበልኳት፤ ድምፁ አልተለወጠም። ጎማውን የሚያዞረው ኩሽኔታ ደህና ነው ማለት ነው። አርባ ላይ ጸጥ፣ ስድሳ ላይ ድርርርር! እንግዲህ የፊት ጎማዎቹ ክብደት ዙሪያውን እኩል አይደለም። ትናንት ግን ደህና ነበረች!

ወርጄ ቡሎኖቹን አጠበቅሁ፤ ነፋሱን ለካሁ። በመጨረሻ የፊቶቹን ጎማዎች ከኋላዎቹ ጋር አቀያየርኳቸው። ተነሣን። መሪው እንደ መነኩሴ ጸጥ አለ! ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ከኋላ ወንበር ጩኸት ሰማሁ።

"ልጄ፣ መንቀጥቀጡን ከአንተ ነቅለህ ለእኔ ሰጠኸኝ?" አሉ አያ ታረቀ፣ ጥርሳቸው እየተፋጨ።

እንደገና ቆምን። ጎማው ሥር ስንበረከክ ኪሴ ተንቃጨለ።

"ምንድን ነው የያዝከው?"

"ምንም አይደለም አያ... ትናንት ከቸርኬው ጠርዝ በካቻቢቴ የፈነቀልኳቸው ቁራጭ የእርሳስ ብረቶች ናቸው። ቆሻሻ መስለውኝ... ንብረት አይጣልም ብዬ..."

ለካ ጎማው እንዲመጣጠን ጎሚስታ መዝኖ የሰካቸው ናቸው! ሞላ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ድንጋይም አየ። ድንጋዩን ቀድሜ አነሣሁና እርሳሶቹን፣ የነበሩበት ምልክት ላይ አንድ በአንድ እየመታሁ መለስኳቸው።

ደሃና በሰዓቱ ደረስን፤ እልልታው ቀለጠ! የሙሽራዋ እናት ጥግ ይዤ ስቀመጥ አይተው፣ "ይህ ዝምተኛ ልጅ የማን ነው? ለታናሿ ልጄ ይሆን ነበር" አሉ።

አያ ታረቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጁስ ጨዋ ነው፤ ንጹሕ ነው... ብቻ ከቤት ሲወጣ ኪሱን ፈትሹት!"