አጥንት ነው እንጂ ከሰል አይደለም

(ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ 1954 ዓ.ም.። መምህር ገብረመስቀል ሳይንስ ያስተምራል፤ ከማስተማሩ ይልቅ ማወቁ ደስ የሚለው ሰው ነው። ግቢው ውስጥ፣ ከሥሩ በተበሳ እንስራ ፊት ቆሟል። እንስራው አሸዋና ጥቁር ዱቄት ይዟል። ዘበኛው ጉሉማ ሙቀጫ አቅፎ ተቀምጧል።)

ገብረመስቀል፦ አጥንት ነው እያልኩህ።

ጉሉማ፦ ከሰል ነው፣ መምህር።

ገብረመስቀል፦ አንተ ሰውዬ፣ የቅበላ ዕለት ከኦቦ ጨመዳ ሥጋ ቤት በጆንያ ተሸክመህ የመጣኸው ምን ነበር?

ጉሉማ፦ አጥንት።

ገብረመስቀል፦ ቀቅለህ ጮማውን የገፈፍክለት፣ በርሜል ውስጥ ከተህ ክዳኑን በጭቃ የመረግከው፣ ቀን ሙሉ እሳት ያነደድክበትስ?

ጉሉማ፦ ኤዬ፣ አጥንት።

ገብረመስቀል፦ አየር ስላላገኘ አመድ መሆኑ ቀርቶ ጠቆረ። አንተው ወቀጥከው፣ አንተው ነፋኸው። እንግዲህ እዚህ እንስራ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ጉሉማ፦ ከሰል።

ገብረመስቀል፦ (ግንባሩን ይዞ) ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ጉሉማ፦ መምህር፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር...

ገብረመስቀል፦ አትነግረኝም። እዚህ ቤት ነጋሪው እኔ ነኝ። ቄስ ወልደሩፋኤል በዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ ሲወጡ ይመጣሉ። የጉድጓዳቸው ውሃ ከደፈረሰ ዓመት አልፎታል። እሱን ካጠራሁ ልጃቸውን ሐረግወይንን ይድሩልኛል፤ ካላጠራሁ ለዚያ ለልብስ ሰፊው ነው የሚሰጧት። ገባህ?

ጉሉማ፦ ገብቶኛል። ለዚህ እኮ ነው...

ገብረመስቀል፦ ዝም በል፣ ሙከራ ላይ ነን።

(የጉድጓዱን ድፍርስ ውሃ እንስራው ውስጥ ያፈሳል። ከሥር ጠብ ጠብ ይላል፤ በብርጭቆ ይቀበለዋል። ጥርት ያለ ነው። ገብረመስቀል ከደስታው ብዛት እንባ እንባ አለው።)

ገብረመስቀል፦ አየህ? ይህን በእንጨት ከሰል አታገኘውም። የእንጨት ከሰል ሻይ ማፍያ ነው።

ጉሉማ፦ እኔም ገርሞኛል።

ገብረመስቀል፦ ስላልተማርክ ነው።

(ቄስ ወልደሩፋኤል ይገባሉ። ገብረመስቀል መስቀል ተሳልሞ ብርጭቆውን ያቀርባል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሱት ቄስ ጭልጥ አድርገው ይጠጡታል።)

ቄሱ፦ እሰይ፣ የኔ ልጅ! እንዲህ ያለ ውሃ ከምንጭም አልጠጣሁ። በምን አጠራኸው?

ገብረመስቀል፦ በበሬ አጥንት፣ አባ።

ቄሱ፦ በምን?

ገብረመስቀል፦ በአጥንት። አንድ ጆንያ ሙሉ ነው፤ ቅልጥሙ አለ፣ ጎድኑ አለ...

ቄሱ፦ በሁዳዴ?

(ይህቺ በገብረመስቀል የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረችም። ሐረግወይን ከልብስ ሰፊው ጎን ቆማ ታየችው።)

ገብረመስቀል፦ አባ... ከሰል ነው።

ቄሱ፦ አሁን አጥንት አላልክም?

ገብረመስቀል፦ ብዬ ነበር። ሲታይ ግን ከሰል ነው። ጉሉማን ይጠይቁት፤ እሱ ያውቃል።

ቄሱ፦ (ለመሄድ እየተነሱ) ቀድሼ ስወጣ የበሬ መረቅ ታጠጣኝና ደግሞ ልጄን ትለኛለህ?

ጉሉማ፦ አባ፣ ይቀመጡ። ከሰል ነው። (ከሙቀጫው ያልደቀቀ ቁራጭ አውጥቶ) ይኸው ቅርፊቱ። ወይራ ነው። በሬ ቅርፊት የለውም።

ቄሱ፦ (አገላብጠው አይተው) እውነትም ወይራ። ታዲያ ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው አጥንት አጥንት የሚለው?

ጉሉማ፦ ጾሙ ነው፣ አባ። ሲርባቸው ሥጋ ሥጋ ይላቸዋል።

ቄሱ፦ (አዝነው) አይ ልጄ። በርታ፣ ትንሽ ነው የቀረው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላክ።

(ወጡ። ገብረመስቀል ሙቀጫው ላይ ዘጭ አለ።)

ገብረመስቀል፦ መቼ ነው የቀየርከው?

ጉሉማ፦ ትናንት ማታ። እኔ የሚስዮን ሰው ነኝ፣ ይህ ጾም የለብኝም። ለእርስዎ ግን አሰብኩ። ከጠዋት ጀምሮ ከሰል ነው ስልዎት...

ገብረመስቀል፦ አጥንቱስ? ያን ሁሉ ልፋት ደፋኸው?

ጉሉማ፦ ምን ሲደረግ። ሞክሬዋለሁ፤ ከወይራው ይበልጥ ያጠራል። ጓዳ ከድኜ አስቀምጬልዎታለሁ፤ ለፋሲካ ይገድፉበታል።