የባሚያ ድርሻዬ

ክልላችን አዲስ በተቋቋመበት ክረምት የበደለችኝ አስካለ ናት። አሶሳ ዳር በማኅበር ያለማነውን አትክልት የምታካፍለው እሷ ነበረች። ቲማቲሙን ለወዳጆቿ ሰጥታ፣ እኛ ከወሎ የመጣነው የማናውቀውን ባሚያ እኔን አሸከመችኝ።

«እትዬ፣ እሱም አትክልት ነው» አለችኝ።

እንዲህ ያለች አካፋይ እናንተ ሰፈር የለችም?

ለፍልሰታ ጾም ሌላ ወጥ መሥሪያ አልነበረኝም። ብቀቅለው ተዝለግልጎ ማንኪያዬን አልለቅ አለ፤ ታገልን፣ አሸነፈኝ። የቀረውን ልጥል ስወጣ የአገሩ ተወላጅ የሆነችው የበርታ ብሔረሰብ ጎረቤቴ ሐዋ «እናቴ፣ ይሄ አይጣልም» ብላ ተቀበለችኝና በኦቾሎኒ ሠራችልኝ። ጾሜን አስባ ሥጋ አልጨመረችበትም። እንዲያ የሚጣፍጥ ወጥ በልቼ አላውቅም፤ እግዜር ይስጣት።

አስካለ መዓዛው ስቧት መጣችና አሠራሩን ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።