ጋሽ አትድከሚ

ለክፉ አለቃ መላ አለ። ትከሱታላችሁ፣ ትሸሹታላችሁ፣ ሁሉም ቢያቅታችሁ ታሙታላችሁ። ከደግ አለቃ የሚያድን ሕግ ግን እስካሁን አልወጣም። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እንዲህ ያለ ደግ አይጠፋም፤ አንዲት ሴት ማርገዟን የሰማ ዕለት ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ ወንበር የሚስብ፣ መስኮት የሚዘጋ፣ አንዴ ማዘን ከጀመረ ደግሞ የተወለደው ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ የማያቆም።

እኚህኛው የአንድ ጥብቅና ቢሮ ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ችሎት የቆሙ፣ ሲከራከሩ ተቃራኒውን ጠበቃ ውኃ የሚያስጠሙ፣ ቢሮ ሲመለሱ ግን ጉንዳን እንዳይረግጡ የሚጠነቀቁ ታላቅ ሰው። ሴት ሠራተኛ ባዩ ቁጥር ከአፋቸው የማትለይ ቃል አለቻቸው፦ «አንቺ አትድከሚ።» ጸሐፊዋ ከዚህ ተነስታ «ጋሽ አትድከሚ» አለቻቸው፤ ስሙም ጸደቀ። ደንበኞች ሳይቀሩ ስልክ ደውለው «ጋሽ አትድከሚ አሉ?» እስከማለት ደርሰዋል።

አበው «አዛኝ ቅቤ አንጓች» የሚሉት ለይስሙላ የሚያዝነውን ነው። ጋሽ አትድከሚ እንደዚያ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እሳቸው የሚያዝኑት ከአንጀታቸው ነው። በቢሮው ያለችውን አንዲት ጠበቃ መውጫ መግቢያ ያሳጣትም ይኸው ነው።

ጠበቃዋ በቢሮው ስምንት ዓመት ሠርታለች። በቅርቡ ሸሪክ ትሆናለች፣ ስሟም በሩ ላይ ባለው ታፔላ ይሰፍራል ተብሎ የሚጠበቀው እሷ ነበረች። ከዚያ አረገዘች። ጋሼ በሰሙ ማግስት ጠረጴዛዋ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ምድር ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ተገኘ። «ደረጃው ላንቺ አይሆንም» አሏት እያለከለኩ፤ አንዱን ጫፍ ይዘው ያወረዱት ራሳቸው ነበሩ። ንፋስ እንዳይመታት ብለው በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን ሁሉ ዘግተው ቢሮውን አቀለጡት። በሰባተኛው ወር መዝገብ መሸከም ከለከሏት፤ በስምንተኛው ብዕር ስታነሳ በሥጋት ያዩአት ጀመር። ያኔ ሳቀች። ሆዷ ገፍቶ ሰው ቢንከባከባት ምን ይከፋል?

ሳቁ ያለቀው ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ነው። ሴት ልጇን ለእናቷ ትታ፣ ጥቁር ካባዋን አስተኩሳ ቢሮ ስትደርስ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ተቀበሏት።

«እንኳን ደኅና መጣሽ ልጄ። ሥራ አዘጋጅቼልሻለሁ። ቀለል ያለ።»

ቀለል ያለው ሥራ የቤት ኪራይ ውልና የውክልና ሰነድ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የውክልና ሰነድና የቤት ኪራይ ውል። ሌላ ከተማ የሚሰማ ክርክር ሲመጣ «መንገዱ ያንገላታሻል፣ እሱ ይሂድ» ይላሉ። ምስክር የሚሰማበት ቀጠሮ ሲመጣ «መቆሙ ወገብ ይጎዳል፣ እሱ ይቁም» ይላሉ። «እሱ» የሚባለው አብሯት የጀመረ ባልደረባዋ ነው። የእሱም ሚስት በዚያው ሰሞን ወልዳለች። ጋሼ ይህን የሰሙ ዕለት ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አባት ሆነሃል፤ እንግዲህ ጠንከር ማለት ነው» አሉና ስድስት መዝገብ ጨመሩለት።

ቤት ስትገባ ለባሏ ነገረችው። ባሏ መምህር ነው። ልጅቷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጀርባዋን እየደባበሰ ሰማት።

«ደግ ሰው ናቸው እኮ» አለ።

«ደግነታቸው ነው የገደለኝ። ቢሰድቡኝ መልስ አለኝ። ሰው ሲያዝንልህ ምን ትለዋለህ?»

«ንገሪያቸዋ።»

«ይከፋቸዋላ።»

«እሳቸውን እንዳይከፋቸው ስንት ዓመት አንቺን ሊከፋሽ ነው?»

የዚህን ጥያቄ መልስ ይዛ ቢሮ ድረስ የመጣችው፣ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ከአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የተባረሩ የስልሳ ሴቶች ተወካይ ናት። የእነሱን ጉዳይ ጠበቃዋ ሁለት ዓመት ይዛዋለች፤ ስልሳዎቹን አንድ በአንድ አነጋግራ ማስረጃውን ያሰባሰበችው እሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በይግባኝ ሰሚው ችሎት የቃል ክርክር አለ። ለሸሪክነት የሚያበቃት ጉዳይም ይኸው እንደሆነ ቢሮው በሙሉ ያውቃል።

ተወካይዋ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን አየች፤ ቀጥላ ጠበቃዋን አየች።

«አለሽ እንዴ? እኛማ የታመምሽ መስሎን።»

«ማን ነው እንደዚያ ያላችሁ?»

«ትልቁ ሰውዬ ናቸዋ። ወልዳለች፣ አናድክማት፣ ሌላ ጠበቃ ይዞላችኋል አሉን።» ሴትዮዋ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወሸቅ አደረገች። «እኛም ወልደናል። ወልደን ማሽናችን ላይ ተመልሰናል። አሁን የምትከራከሪልን አንቺ ነሽ ወይስ ያ የሚያዛጋው?»

ጠበቃዋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠች ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። የፋብሪካው መዝገብ የነበረበት መደርደሪያ ባዶ ነው። መዝገቡ ባልደረባዋ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ባልደረባዋ ደግሞ መዝገቡ ላይ። ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ጉንጩን ማስረጃ ዝርዝሩ ላይ አሳርፎ ጭልጥ ብሏል። ነካ አደረገችው።

«ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ» አለ አገጩን እየጠረገ።

«ይህን መዝገብ ልወስደው ነው።»

«ባክሽ ውሰጂው» አለ። ችሎት ላይ እንኳ እንዲህ ከልቡ ሲለምን ሰምታው አታውቅም።

ጋሼ መዝገቡን ታቅፋ ስትገባ ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ከባድ እኮ ነው። አምጪው ልያዝልሽ።»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ከዳኛ በቀር እንደዚያ ያዘዛቸው ሰው ኖሮ አያውቅም።

«የፋብሪካውን ጉዳይ ለምን ወሰዱብኝ?»

«ወሰድኩብሽ? እኔ ላንቺ ብዬ ነው። ሕፃን ይዘሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ...»

«እሱም እንቅልፍ አጥቷል። ይኸው መዝገብ ተንተርሶ ተኝቶ ነው ያገኘሁት።»

«እሱ እኮ ወንድ ነው።»

«ሕፃን ሲያለቅስ እናት አባት ብሎ አይለይም፣ ጋሼ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። እሷ ነገሩ ከተበላሸ ሸሪክነቱ ቀርቶ ሥራውም እንደሚያበቃ አውቃለች። ግን ጀምራዋለች።

«ጠረጴዛዬን ሲያወርዱ ጠይቀውኛል? መዝገቤን ለሌላ ሲሰጡስ? ከደከመኝ አፍ አለኝ፤ እንጀራዬም አፌ ነው።»

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው ተናገሩ።

«ባለቤቴ ሕግ የተማረችው ከእኔ ጋር ነው። እንዲያውም ትበልጠኝ ነበር። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ሥራውን ተይው አልኳት። እንዳትደክም ብዬ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«እኔ እንጃ። ጠይቄያት አላውቅም።»

በማግስቱ ጋሽ አትድከሚ አርፍደው መጡ። ጸሐፊዋ ሰዓቷ የቀደመ መስሏት ደግማ አየችው። ዓይናቸው ቀልቷል። ቀጥ ብለው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ መጥተው የጠበቃዋ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ጠየቅኋት» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ መለሰችልኝ።» ዓይናቸውን አሻሹ። «ገና አልጨረሰችም። ዛሬ እራት ላይ ትቀጥላለች።»

ከዚያ ማስታወሻ ደብተር አወጡ፣ ብዕራቸውን ከፈቱ፣ ቃል እንደሚቀበል ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ። አንቺስ የምትፈልጊው ምንድነው?»

ስምንት ዓመት ለሌላ ሰው ስትጠይቅ የኖረችው ሴት ጣቷን እያጠፈች ለራሷ ትጠይቅ ጀመር። መዝገቧ ይመለስላት። ጠረጴዛዋም ወደ ፎቁ ይውጣ። ለልጇ የጡት ወተት የምታልብበት ቁልፍ ያለው ክፍል ትፈልጋለች፤ ጋሼ እዚህ ላይ እስከ ጆሯቸው ቀሉ፣ ግን ጻፉት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ የተረፈውን ቤቷ ሆና ትሠራለች።

«ለባልደረባዬም ሁለት ሦስት መዝገብ ቢቀንሱለት...»

«ቆይ፣ እሱን ራሱን እጠይቀዋለሁ» አሉ ጋሼ በኩራት። ደብተሩን ገለጥ አድርገው ዝርዝሩን አዩት። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እኔ እኮ የሚከብድ ነገር መስሎኝ» አሉ። እሷም ወንበሯ ላይ ደገፍ ብላ፣ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እፎይ አለች።

በክርክሩ ቀን ስልሳዎቹ ሴቶች ችሎቱን ሞሉት። ጠበቃዋ አንድ ሰዓት ተኩል ቆማ ተከራከረች፤ ወገቧም ምንም አልሆነ። ኋላ ወንበር ላይ ጋሼ፣ አጠገባቸውም ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ተቀምጠው ነበር። «ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ችሎት ማየት አማረኝ» ብለው አብረው የመጡ ባለቤታቸው ናቸው።

ከወር በኋላ ለሴቶቹ ተፈረደላቸው፤ በዓመቱ መጨረሻም የጠበቃዋ ስም ታፔላው ላይ ሰፈረ። እሷ ግን ዛሬም ስለዚያ ጊዜ ሲነሳ የምታወራው የኮሪደሩን ነው። ከችሎት እንደወጡ ባለቤታቸው እጇን ጨበጡና «ጎበዝ ነሽ» አሏት። እጇን ግን አልለቀቁም።

«ሁለተኛው ነጥብሽ ላይ ቸኮልሽ። ዳኛው እየጻፈ ነበር፤ መጠበቅ ነበረብሽ።»

ጋሼ በድንጋጤ መሃል ገቡ። «ኧረ ተይ፣ ሕፃን ይዛ፣ እንቅልፍ አጥታ...»

ባለቤታቸው ዘወር ብለው አዩአቸው። ጋሼ አንገታቸውን አከኩ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ የዕድሜያቸውን ከባድ ክርክር እንደሚጀምር ሰው ትንፋሽ ሳቡ።

«ልክ ናት» አሉ ለጠበቃዋ። «ቸኩለሻል። እንዲያውም ሦስተኛው ነጥብ ላይም...»

ልጅ ከወለደች ወዲህ ስህተቷን የነገራት ሰው አልነበረም። ያንን በላብ የተጠመቀ ፊት ስታይ እንዴት እንደምትወዳቸው ራሷንም ገረማት። ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ በሁለቱ መካከል ተቀመጠችና ብዕሯን አወጣች።

«ሦስተኛው ላይ ምን አጠፋሁ?» አለች።