ዊንዶውስን ከቤቴ ያባረርኩበት ምክንያት

በከተማችን ሰው ኮምፒውተር ሲገዛ ወዳጆቹን ሰብስቦ ይማከራል። አንዱ ለቢሮ ሥራ ዊንዶውስ ይሻላል ይላል፤ ሌላው ሊኑክስ ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ እንኳ ፈጠን ይላል ብሎ ይሟገታል። ጌም የሚወድ ከተገኘማ ክርክሩ ከሽምግልና ይረዝማል። ስለ ፍጥነት፣ ስለ ቫይረስ፣ ስለ ዋጋ የማይነሣ የለም። ስለ ቅናት ግን አንድም ሰው ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም። እኔ የመረጥኩት በቅናት ነው። እነሆ ተናገርኩት፤ አሁን ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ዝቅ አድርጌ ልቀጥል።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እኔ ደብረ ታቦር ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ተመስገን መሥሪያ ቤት ውስጥ ሪፖርት ይጽፋል። ቤታችን ያለችው አንዲት ላፕቶፕ ናት። በሥራ ቀን የእሱን ሪፖርትና የእኔን ፈተና ታስተናግዳለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የኳስ ሜዳ ትሆናለች። የቢሮ ባልደረባው ሰናይት ጆይስቲኳን በቦርሳዋ ይዛ በባጃጅ ከች ትላለች። ግብ ባገባች ቁጥር «እሰይ የአንበሳሜ ልጅ!» እያለች በትውልድ ከተማዋ ስም ራሷን ታወድሳለች፤ እሱም ተሸንፎ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። እኔ ጓዳ ሆኜ ፈተና እያረምኩ እቆጥራለሁ። ግቡን አይደለም፤ ሳቁን። በእኔ ቀልድ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

ጨዋታ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰናይትም «እታለም» ብላ እጅ ነሥታ ነው የምትገባው። ግን ቅናት ማስረጃ ይጠይቃል እንዴ? መናገር ደግሞ አልችልበትም፤ ዓይን አፋር ሰው ተቆጥቶ እንኳ «ሻይ ልጨምር?» ነው የሚለው።

በዚያው ሰሞን ለመምህራን የኮምፒውተር ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ ሊኑክስ ከፍላሽ ላይ እንዴት እንደሚጫን አሳየንና «ለጽሕፈት ጥሩ ነው፣ አማርኛም ይጽፋል። ጉድለቱ፣ ብዙ ጌም እንደ ልብ አይሠራበትም» አለ። ሌሎቹ ይህን እንደ ጉድለት መዘገቡት። እኔ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ዓርብ ተመስገን ከቢሮ ሳይመለስ ፋይሎቻችንን ገልብጬ አስቀመጥኩና ዊንዶውስን ከነጌሙ ደመሰስኩት። ሲመጣ «ቫይረስ በላው፤ ሥልጠና ላይ ያገኘሁትን ጫንኩበት» አልኩት።

«ፋይሉስ?»

«ተርፏል።»

«ጌሙስ?»

«እሱ እንኳ…» ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ዓይን አፋርነት ለውሸታም እንዴት ያለ መሸሸጊያ ነው!

ሰናይት ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ቀረች። ተመስገንም አዲሱን ነገር በሁለት ሳምንት ለምዶ እኔኑ በለጠኝ። «ባሌ እኮ ያለ አስተማሪ ነው የለመደው» እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁለት።

ውሸት ግን እንደ ቁንጫ ነው፤ አንዷም ብትሆን አታስተኛም። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ባሌን ዋሽቼ ዊንዶውስ አጠፋሁ።»

«ምንድን ነው እሱ ልጄ? ነፍስ አለው?»

«የለውም አባቴ። ኮምፒውተር የሚሠራበት ነገር ነው።»

«ለምን አጠፋሽው?»

«ቀንቼ።»

«በኮምፒውተሩ?»

«በሴት።»

«እኔ የማውቀው ቅናቱንና ውሸቱን ነው» አሉ። «ለእሱ አርባ ስግደት ስገጂ። የኮምፒውተሩን ለባልሽ ንገሪው፤ እሱ ሳያውቅበት አይቀርም።»

ሰግጄ ስጨርስ ለተመስገን ነገርኩት። የፈራሁት ቁጣውን ነበር። እሱ ከት ብሎ ሳቀ።

«አንቺ ነሽ እንዴ! እኔኮ ያን ጊዜ ሪፖርት ማውጣት እንኳ አቅቶኝ ነበር፤ ሰናይት ባታስተምረኝ ኖሮ!»

«ሰናይት?»

«እሷ ድሮም ሊኑክስ ታውቃለች። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ቁጭ አድርጋ አስጠናችኝ። ጌሙንም በሳምንቱ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ አስነሣችው። ይኸው እስከ ዛሬ በየምሳ ሰዓቱ እንጫወታለን። አልነገርኩሽም?»

«አልነገርከኝም።»

«ጌም ስለማትወጂ ነዋ!»

እስቲ ፍረዱኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በገዛ ሳሎኔ፣ በዓይኔ ሥር የነበረውን ነገር፣ በሳምንት አምስት ቀን ወደማልደርስበት ቢሮ የሸኘሁት እኔው ነኝ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው።

ትናንት ዊንዶውስን ከነጌሙ መልሼ ጫንኩ። ለሰናይትም እኔው ራሴ ደወልኩላት፤ «ቅዳሜ ነይ፣ ድንች ቀቅዬ እጠብቅሻለሁ» አልኳት። ሳቃቸውን መስማት እችለዋለሁ። ያልቻልኩት አለመስማቱን ነው።