የጋሽ ሣህሉ ድንጋይ

መንግሥት ስልክ ውስጥ ገባ ሲባል «እኔ እዚያ አልገባም» የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ስልክ አጥቶ አይደለም፤ ልጆቹ የላኩለት ዘመናዊ ስልክ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ድሬዳዋ ውስጥ የዚህ ወገን አለቃ ከዚራ ሰፈር ግቢ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ክቡር ሊቀ ወረፋ ጋሽ ሣህሉ ናቸው።

ጋሽ ሣህሉ በደጉ ዘመን የምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ወደ ኤረር ስንሄድ ትኬቴን በመብሻቸው ቀጭ ያደርጉና የወጣችውን ክብ ወረቀት መዳፌ ላይ አስቀምጠው «አይቼሃለሁ፤ እለፍ» ይሉኝ ነበር። ያችን ወረቀት ኤረር እስክንደርስ ጨብጬ እሄዳለሁ። ያ ባቡር ሲናፍቀኝ ከፉጨቱ ይልቅ ትዝ የሚለኝ የእሳቸው ድምፅ ነው።

ባቡሩ ቆመ፤ እሳቸው ግን በሰው እጅ ያልተበሳና ማኅተም ያላረፈበት ነገር ሁሉ ገና አልተፈጸመም ብለው ቀሩ። «መታወቂያዎን በስልክ አሳደስኩልዎ» ስላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ማን አየው?» ይሉኛል። የመጣውን መልእክት አሳያቸዋለሁ። «እሱንማ ያያችሁት አንተና ስልክህ ናችሁ።» ከዚያ ባርኔጣቸውን ደፍተው በባጃጅ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ድረስ ይሄዱና መስኮቱ ላይ ያለችውን ጸሐፊ፣ ሃሌሉያን፣ «ታድሷል አሉኝ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠይቀው፣ ረክተው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ምን እንደሚያስፈራቸው ጠየቅኋቸው። ኔትዎርኩ ይቋረጣል፣ ሌባ ስሜን ይሰርቃል፣ ፊደሉ አይታየኝም የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ስልኩ ቢሳሳት ማንን ልቆጣ?» አሉኝ። «ሃሌሉያ ብትሳሳት እቆጣታለሁ፤ ታፍራለች፤ ታስተካክላለች። ስልክ ያፍራል እንዴ አቦ?»



የሊቀ ወረፋነታቸው ክብር የሚገለጠው ግን ጡረተኛ ሁሉ በአካል ቀርቦ በሕይወት መኖሩን በሚያረጋግጥበት ቀን ነው። በዓመት አንዴ ጎህ ሳይቀድ ሄደው ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር የወረፋ ድንጋያቸውን ያስቀምጣሉ። አጠገቡ ደግሞ ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩት የጋሽ ፋራህን ድንጋይ ያኖሩላቸዋል፤ ጋሽ ፋራህ ከከተማ ውጭ፣ ከዋሂል ተሳፍረው እስኪመጡ ይረፍዳላ። መስኮቱ ቢከፈትም ሽማግሌዎቹ አይቸኩሉም። እኔ ይህን ሁሉ ከንቱ ድካም ነው እል ነበር።

አምና ጋሽ ሣህሉ እግራቸውን ታመሙ። ፀሐዩም የድሬ ፀሐይ ነው፤ አሳዘኑኝ። ማረጋገጫው በስልክም ይቻላል ተብሎ ስለነበር ስልኩን ከሳጥን አውጥቼ ፊታቸው ላይ ደገንኩት። «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ይግለጡ» አለ ስልኩ።

«መሞቴን ሊያጣራ ነው?» ብለው ጨፈኑ፤ ገለጡም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ «ተረጋግጧል» አለ።

«ማን አየው?»

«መንግሥት አይቶዎታል» አልኳቸው፤ ኮራሁም።

ቀኑ ሲደርስ እቤታቸው ዋሉ። ከሰዓት በኋላ የግቢያችን በር ተንኳኳና ከፈትኩ። ጋሽ ፋራህ አራት ሽማግሌዎች አስከትለው ቆመዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «መቼ ቀበራችሁት?» አሉኝ።

ጋሽ ሣህሉ ከኋላዬ እያነከሱ መጡ። ጋሽ ፋራህ እጃቸውን ለቀም አድርገው ያዙ፤ ፊታቸውን ዳበሱ። «ወሪያ ሣህሉ! ድንጋይህ የለም፣ አንተ የለህም፤ ወላሂ መንገዱን ሙሉ አልቅሰን ነው የመጣነው!»

«አለሁ ብዬ በስልክ አሳውቄ ነበር» አሉ ጋሽ ሣህሉ እንደ ማፈር ብለው።

«ለማን?»

ጋሽ ሣህሉ ዞረው አዩኝ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የባቡር ሰዎች በዓመት አንዴ እርስ በርስ የሚቆጣጠሩት በዚያ ወረፋ ነበር። ድንጋዩ ያልታየ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ከመስኮቱ እንደተመለሱ ለቅሶ ይሄዱለታል። እኔ ደግሞ በደግነቴ ጎረቤቴን በቁማቸው ገደልኳቸው። አፈርኩ።

ዘንድሮ ማረጋገጫው በስልክ ብቻ ሆነና የጡረተኞቹ መስኮት ተዘጋ። የሁሉንም ፊት በየስልካቸው ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ «ማን አየው?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ጉዳዩ አልቋል ብዬ ተኛሁ። የወረፋው ቀን ሲደርስ ግን ጋሽ ሣህሉ ባርኔጣቸውን ደፍተው ማለዳ በሬን አንኳኩ። ደግፌ ወሰድኳቸው።

ከተዘጋው መስኮት ፊት፣ ከዛፉ ሥር፣ ድንጋዮቹ ተደርድረዋል። አምና አሥራ አምስት ነበሩ አሉ፤ ዘንድሮ የጋሽ ሣህሉን ጨምሮ አሥራ ሁለት ናቸው። የጋሽ ፋራህም አለ፤ እሳቸውም ደርሰው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሣህሉ ከድንጋዩ ወደ ባለድንጋዩ እያዩ፣ በከዘራቸው አንድ በአንድ እየነኩ ሰልፉን ተቆጣጠሩ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ አሥራ ሦስተኛ አገኙ።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አልኳቸው። ለጡረታ ገና አሥራ አራት ዓመት ይቀረኛል።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አዩኝ።

«አይቼሃለሁ» አሉ። «እለፍ።»