«ለልጅሽ ንገሪያት»

በየሰፈሩ ለልጁ ነፍሱን የሚሰጥ፣ ቃል ግን የሚነፍግ አንድ አባት አይጠፋም። የኛው ክቡር ኦፓኒን አጃፖንግ ይባላሉ፤ ወላጅ አባቴ ናቸው።

ሥራቸውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። የባህል አለቃችን ቃል አቀባይ ናቸው። አለቃው በወጋችን ከሕዝቡ ጋር በቀጥታ ስለማይነጋገሩ፣ ያሉትን ሁሉ አባቴ ጫፉ በወርቅ የተለበጠ በትራቸውን ይዘው፣ አሳምረው ለጉባኤው ያደርሳሉ። ስንት ኩርፊያ በአንደበታቸው አብርደዋል። ቤት ሲገቡ ግን አለቃው እሳቸው ይሆናሉ፣ ቃል አቀባይዋ ደግሞ ምስኪን እናቴ ፎስዋ። ከአንድ ሳህን የፉፉ ገንፎ እየበላን «ለልጅሽ ንገሪያት፣ ቀሚሱ አጥሯል» ይላሉ። እናቴ ዞር ትልና «ቀሚሱ ትንሽ ቢረዝም ያምርብሻል ብለዋል» ትለኛለች። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን። ማን ይችለዋል?

ዘንድሮ አክራ ከተማ የምትኖረው እህቴ ወለደችና እናቴ ልታርሳት ሄደች። አሁንማ ወደው ሳይሆን በግዳቸው ያናግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። በማግስቱ ግቢያችን የታሰረችውን ፍየል «ሾርባው ጨው በዝቶበታል በያት» አሏት።

በዚያው ሳምንት ታማሌ ካለ የአዋላጆች ማሠልጠኛ የመግቢያ ደብዳቤ መጣልኝ። ሦስት ዓመት ከቤት ልርቅ ነው። ደብዳቤውን ፊታቸው አስቀመጥኩት፤ አንብበው አጥፈው መለሱልኝ። ሂጂም አላሉ፣ ቅሪም አላሉ። የፈለግሁት አንዲት ቃል ነበር፣ ከራሳቸው አፍ።

ዓርብ ጠዋት ደሜ ፈላ።

«አባባ፣ ለአገሩ ሁሉ አፍ ነዎት። ለኔ ብቻ ዲዳ የሆኑት ምን በድዬ ነው?»

በትራቸውን አንስተው ወጡ። በሩን ከኋላቸው ወርውሬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ብቻዬን መናኸሪያ ሄጄ በታማሌው መኪና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። መኪናው ሊወጣ ሲል ክቡርነታቸው ያለ በትራቸው፣ እያለከለኩ መጡና በሹፌሩ መስኮት ቆሙ።

«ሹፌር፣ ለዚች ልጅ ንገርልኝ። ስትወለድ አዋላጅ ጠፍቶ እናትየውንም እሷንም ላጣ ነበር። ያን ቀን አንደበቴ ተያዘ፤ ለሷ ሲሆን እስካሁን አልተፈታም። ትሂድ፣ ትማር።»

ሹፌሩ እኔንም እሳቸውንም አየ። «አባቴ፣ እቺውና አጠገቤ፤ ሰምታለች እኮ» አላቸው።

«ግድ የለም፣ ንገራት።»

ብግን አልኩ። ይህን የመሰለ ነገር አስራ ዘጠኝ ዓመት ደብቀው ለማያውቁት ሰው! ወርጄ ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ሹፌር፣ ለአባቴ ንገርልኝ። ስደርስ እደውላለሁ። ስልኩን ራሳቸው ያንሱ።»

የመንገዱ አጋማሽ እስከሆነችው ኪንታምፖ ድረስ በንዴት አለቀስኩ። ታማሌ እንደገባሁ ደወልኩ። ተነሳ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ከጀርባ ደግሞ የፍየሏ ጩኸት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፍየሏ... ደህና ገባሽ ወይ እያለችሽ ነው።»

«ደህና ገባሁ በሏት» አልኳቸው። «ናፍቃኛለች።»