ቅጠል መቅጠፍ ክልክል ነው

ግራዋ ሲተክል የታየ ሰው አላውቅም። ቡና የሚተክል አለ፣ ጌሾ የሚተክል አለ፣ ጽድ ተክሎ ፎቶ የሚነሳማ ሞልቷል። ግራዋ ግን ራሱ መጥቶ አጥር ጥግ የተገተረ ይመስል ማን እንደተከለው የሚጠይቅ የለም። ክረምት ከበጋ እንደለመለመ ስለሚኖር ዞር ብሎ የሚያየውም የለም። ስሙ የሚጠራው ሆድ ሲቆርጥ ወይ ድግስ መጥቶ የጠላ ጋን ሲታጠብ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ፤ ግራዋማ እንደ መዳብም አልተቆጠረ።

እኛ መካኒሳ ደግሞ ግራዋ አይለመንም። መሰላል ይለመናል፣ ድስት ይለመናል፤ ግራዋ ያለበት ግቢ ግን "እንደምን አደራችሁ" ብሎ ገብቶ፣ የሚበቃውን ቀጥፎ መውጣት ነው። ጠላው ሲደርስ ለባለ ግራዋው አንድ ጆግ ይላካል፣ አለቀ። ሰፈሩ ግቢውን ሴራሚክ አልብሶ ሲጨርስ ግራዋ የቀረው ጎረቤቴ ጋሽ ምንዳዬ አጥር ላይ ብቻ ነበር።

ጋሽ ምንዳዬ ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጣ ሰው ግቢውን ማየት ይጀምራል፤ መዘዙም እዚያ ላይ ነው። ሀይሌ ጋርመንት መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ ቢጫ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ አዩ። ሻጩ "የፈረንጅ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ያብባል" አላቸው። በቃ፣ ግራዋው ተቆረጠ፤ ቢጫው ተተከለ። አጥሩ ላይም በቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ማስታወቂያ ተሰቀለ፦ "ቅጠል መቅጠፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው።" ባዮሎጂ የሚያስተምረው ወንድሜ ይሄን አይቶ ሳቀ። ግራዋም፣ ቢጫውም፣ አደይ አበባም አንድ ቤተሰብ ናቸው አለኝ። ጋሽ ምንዳዬ ለካ ዘመድን አባረው ዘመዱን ነው ያስገቡት።

እኔ የተጣለውን ቅርንጫፍ ሰብስቤ ውሻ የሚሾልክበትን የአጥሬን ቀዳዳ ደፈንኩበት። ይሄን ግብርና እንዳትሉት፤ የትኛው ጫፍ ወደ ታች እንደሆነ እንኳ አላየሁም። ክረምቱ አልፎ ሳየው ቀዳዳው ቅጠል አውጥቷል።

ጥር ላይ የጋሽ ምንዳዬ ልጅ ልትዳር ሆነ። አማቾቹ ሰላሌዎች ናቸው፣ ጠላን በአንድ ጉንጭ የሚፈርዱ። የጋሽ ምንዳዬ ባለቤት እትዬ ዘነበች ጋኖቻቸውን ደርድረው ግራዋ ሲፈልጉ፣ የት ይምጣ?

"በሳሙና ቢታጠብስ?" ሲሉ ጋሽ ምንዳዬን በአጥሩ በኩል ሰማኋቸው።

"ልጄን በሳሙና ጠላ አልድርም" አሉ እትዬ ዘነበች። "በል ያንን ቢጫህን ቅጠፍና ጋኑን እጠብበት።"

ጋሽ ምንዳዬ ገበያ ሄደው የጠወለገ እስር ይዘው መጡ፤ እትዬ ዘነበች አሽተው፣ አሽትተው ለበግ ሰጡት፤ በጉም አልበላውም። የጥንስሱ ቀን ደርሷል። ያለ ጠላ ሠርግ ማለት ደግሞ የእትዬ ዘነበች ስም በአማቾች ፊት ጠፋ ማለት ነው።

በማግስቱ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ምንዳዬ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"ግራዋ... ላስፈቅድ ነው የመጣሁት።"

አዘንኩ፣ የምሬን ነው። እኚህ ሰው ከማንም ምንም ለምነው አያውቁም።

"ጋሼ፣ ግራዋ ይለመናል እንዴ?" አለች ባለቤቴ። "ይግቡና ይቅጠፉ።"

ገብተው ቀጠፉ። ኮታቸው አረንጓዴ እስኪሆን ቀጠፉ። ሲወጡ ቅርንጫፉን ነካ አድርገው "ይሄ የኔ ይመስላል" አሉ። እኔ ስለ አየሩ ማውራት ጀመርኩ።

ሠርጉ አማረ። አንዱ ጋን ክዳን አጥቶ ያ ቆርቆሮ ተነቅሎ ተከድኖበት ነበር። የሙሽራው አጎት ማስታወቂያውን ጮክ ብለው አነበቡ፣ ቆርቆሮውን ገፋ አድርገው ብርጭቆአቸውን አስቀዱ፣ አንድ ጉንጭ ወሰዱ። በአፋቸው አገላበጡት። ከዚያ ብርጭቆውን ጨልጠው እንደገና ሲዘረጉ እትዬ ዘነበች ትንፋሻቸው መጣ። ለእኛም በደንቡ መሠረት ጆጉ ደረሰን። ጋሽ ምንዳዬም ከእኛ ቅርንጫፍ ወስደው ከቢጫው ጎን ሰኩ፤ ጸደቀላቸው።

የእኛው ደግሞ ዘንድሮ ነጭ አበባ አወጣ። ንብ ይርመሰመስበታል፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። ለካ ያምራል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤት "እንደምን አደራችሁ" ብላ ገብታ ቀጥፋ ወጣች። ባለቤቴ ከኋላዋ በሩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

"ያ የጋሽ ምንዳዬ ቆርቆሮ አሁን የት ነው ያለው?"